ምዕራፍ ሰባት፦ መሪው ለማን?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ወሬ ይቀንሳል። ደሴ መናኸሪያ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረው ሰው ጆሮው ጭው ይልና ይደፈናል፤ ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል፤ ዓይኑንም ወደ ሾፌሩ እጅ ይልካል። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚያች አጭር መንገድ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከተቀመጠችው ደሴ ተነስቶ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ኮምቦልቻ ይደርሳል። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ማለት ነው። በክረምት ደሴ ጭጋግ ስትለብስ የፊተኛው መኪና ኋላ መብራት እንኳ አይታይም። ያን ጊዜ ተሳፋሪው ስለ ሾፌሩ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ አሁን በሕይወት መኖሩን።

እዚህ ቁልቁለት ላይ አንድ ጥያቄ አብረን እንፍታ። ኮምቦልቻ የምትኖር አንዲት ሴት እናስብ። ባለቤቷ ሲሞት ተሳቢ ያለው ከባድ የጭነት መኪና ትቶላታል። ልጆቿ የሚማሩት፣ ቤቱም የሚቆመው በዚህ መኪና ነው። መኪናውን ሟቹ ራሱ ይነዳው ስለነበር እሷ ሾፌር ቀጥራ አታውቅም። አሁን ሁለት ሰዎች ቀርበውላታል። አንዱ ወጣት ነው፤ የትልቅ ድርጅት አዲስ መኪና ይዞ ከጅቡቲ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ሲመላለስ ስም ያወጣ፣ ከሌላው ቀድሞ የሚገባ። ሌላው ፀጉሩ የሸበተ ነው፤ የአገሩ ጭነት በአሰብ በኩል ይገባ በነበረበት ዘመን ሥራ የጀመረ፣ ዕድሜውን በአሮጌ መኪና የጨረሰ፣ ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚደርስ።

ሰፈሩ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። የባሏ ወንድም፣ «እቴ፣ ወጣቱን ያዢ። መኪና ሲሮጥ ነው ገንዘብ» ይላታል። ጎረቤቷ አሮጊት፣ «ልጄ፣ ለትልቁ ሰውዬ ስጪው። ስንት ዓመት ባቲን ሲወጣ ሲወርድ አንድ ቀን ወደቀ ሲባል አልሰማንም» ይሏታል። መካኒኩ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ሻይ ቤት የተቀመጡት ደግሞ ሁለቱንም ሳያውቁ ይከራከራሉ። አንዱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ይቆጥራል፣ ሌላው ስንት ጊዜ እንደተጋጨ። ሁሉም ማስረጃ አለው። የሁሉም ማስረጃ ደግሞ አንድ ጉድለት አለበት፤ የሾፌሩን ሥራ ከመኪናው ሥራ አይለይም።

ይህ ክርክር በዓለም ላይ እጅግ ውድ ሆኖ የሚካሄደው ፎርሙላ ዋን በሚባለው የመኪና ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ሉዊስ ሃሚልተን ከመርሴዲስ ወጥቶ ለፌራሪ እንደሚነዳ ሲነገር ዓለም ለወራት የሚያወራው አገኘ። ሃሚልተን ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ስድስቱን ያገኘው በመርሴዲስ መኪና ነው። በዚያን ጊዜ ውድድሩ አሥር ቡድኖችና ሃያ መቀመጫዎች ብቻ ነበሩት። አንድ መቀመጫ ሲለቀቅ ስንት ስም እንደሚነሳ መገመት አያዳግትም። የሌላ ቡድን ሾፌር የሆነው ማክስ ቨርስታፐን ይመጣል ተባለ። በሃሚልተን ምክንያት ከፌራሪ መቀመጫውን ያጣው ካርሎስ ሳይንዝ ይመጣል ተባለ። ሳይንዝ በዚያው ዓመት ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ከአንድ ውድድር ከቀረ በኋላ አውስትራሊያ ላይ አሸንፏል። ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ያስፈልጋል የሚል ብዙ ነበር። መርሴዲስ ግን ማንን እንደወሰደ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ በፊት አንድ ምሽት አለ። ስለ ሾፌርና ስለ መኪና የሚከራከር ሰው ሁሉ ይህን ምሽት ቢያውቅ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2020 ባህሬን ላይ ሃሚልተን በኮቪድ ተይዞ ቀረ። መርሴዲስ በቦታው ጆርጅ ራስልን ጠራ። ራስል ዊሊያምስ ለሚባለው፣ በዚያን ጊዜ ከሁሉም ኋላ ከሚከተሉት ቡድኖች ለአንዱ ይነዳ ነበር። ከ30 በላይ ውድድር አድርጎ አንድም ነጥብ አላገኘም ነበር። ነጥብ የሚሰጠው እስከ አሥረኛ ለወጣ ነው። ውጤት ብቻ በሚታይበት መዝገብ ላይ ይህ ልጅ ባዶ ነው።

በመርሴዲስ መኪና ገባ። ለመነሻ ቦታ በሚደረገው የሰዓት ፉክክር ሁለተኛ ወጣ። የቀደመው በዚያ ቡድን አራተኛ ዓመቱን የያዘው ቫልተሪ ቦታስ ነበር፤ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 0.026 ሰከንድ ነው። ውድድሩ ሲጀመር ራስል ቦታስን ቀድሞ ለረጅም ጊዜ መራ። ከዚያ የራሱ ቡድን ጎማ ሲቀይርለት ተሳስቶ የቦታስን ጎማ አሰረለት። ተመልሶ እንዲቀየርለት መግባት ግድ ሆነ። በኋላም ጎማው ተነፈሰበት። ዘጠነኛ ሆኖ ጨረሰ።

እንግዲህ መዝገቡ «9ኛ» ይላል። ውድድሩን ያላየ ሰው ከመካከለኛ ሾፌር በላይ አያነብበትም። ያየ ሰው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተገለጠ ነገር በአንድ ምሽት ሲገለጥ አይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተያየው ከመርሴዲስ ሾፌር ጋር፣ በዚያው መኪና፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ምሽት ነበር። የውድድር ቡድኖች ሾፌርን የሚለኩበት ከዚህ የተሻለ መስፈሪያ የላቸውም፤ በሁለተኛው መኪና ውስጥ የተቀመጠው የራሱ ባልደረባ።

ወደ አገራችን ስንመጣ ስህተቱ ተገልብጦ እናገኘዋለን። በእሽቅድምድም ዓለም ሕዝቡ ክብሩንም ወቀሳውንም ለሾፌሩ ይሰጣል፤ መኪናውን ይረሳል። በእኛ መንገድ ላይ ሕዝቡ መኪናውን ይወቅሳል። ሲኖትራክ አደጋ ሲያበዛ «ቀይ ሽብር» ተባለ፤ አይሱዙ «አልቃይዳ» ተባለ። ስሙ የወጣው ከእውነተኛ ሐዘን ነው፤ በእነዚህ መኪኖች ዘመዱን ያጣ ሰው ስም ቢያወጣ አይፈረድበትም። ግን ብረት ክፉ ልብ የለውም። ስሙ የደበቀው ነገር መሪውን ለማን እንደሰጠነው፣ ከስንት ቀን ልምምድ በኋላ እንደሰጠነው፣ በስንት ሰዓት ድረስ ብለን እንደላክነው ነው። ቀደም ባለው ዘመን በአሰብ መንገድ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጣሊያን ፊያት ሲያቃስት ይወጣ በነበረበት ጊዜ፣ መኪናው ራሱ ፈጣን ባለመሆኑ ሾፌሩን ትዕግሥት ያስተምረው ነበር። ዛሬ ትዕግሥቱን የሚያመጣው ሾፌሩ ራሱ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ሐረጎ እንመለስ። የባለመኪናዋ ጥያቄ መልስ ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው።

ቀላል ስሌት እንሥራ። ከነጭነቱና ከነተሳቢው 40 ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 235 ሚሊዮን ጁል ይደርሳል። ቁጥሩ ብቻውን አይጨበጥም፤ በጓዳ ቋንቋ እንየው። ይህ ጉልበት 750 ሊትር ያህል የደሴን ቀዝቃዛ ውሃ፣ አራት በርሜል ሊሞላ ትንሽ የቀረውን፣ እስኪንተከተክ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ንፋሱና የጎማው ፍትጊያ ይወስዱታል። የቀረው የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። የሚሄድባቸው በሮች ሁለት ናቸው፤ ፍሬንና ሞተር። ሾፌር ከሾፌር የሚለየው ሙቀቱን በየትኛው በር እንዳስወጣው ነው።

በፍሬን ያስወጣው እንደሆነ፣ የፍሬን ሸራው ከታምቡሩ ጋር ሲፋተግ ያን ሁሉ ሙቀት በየቸርኬው ውስጥ ያለች ጥቂት ብረት ትሸከመዋለች። ሸራው ከልክ በላይ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። ታምቡሩም ሲግል እንደ ማንኛውም ብረት ይሰፋና ከሸራው ይርቃል። ሾፌሩ ይበልጥ ይረግጣል፤ ይበልጥ ሲረግጥ ይበልጥ ይግላል። የንፋስ ፍሬን ከሆነ ደግሞ ደጋግሞ መርገጥ በጋኑ የተጠራቀመውን ንፋስ ይጨርሳል። ከአደጋ በኋላ «ፍሬን በጠሰ» ሲባል እንሰማለን። ምንም ሳይበጠስ ግን ፍሬን ይጠፋል። መኪናው ከቆመና ከቀዘቀዘ በኋላ ሲፈተሽ ደህና ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የሞተውም ሰው ተመልሶ የሆነውን አያስረዳም።

ሁለተኛው በር ሞተር ነው። ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ሞተሩ መኪናውን መንዳቱ ይቀርና ጎማዎቹ ሞተሩን ያሽከረክሩታል። ሞተሩ ያን ጊዜ አየር እየሳበ እያመቀ የሚያስወጣ ትልቅ ወናፍ ይሆናል። ከባድ መኪኖች ላይ የጭስ መውጫውን የሚያፍን ተጨማሪ መያዣ አለ፤ እሱ ሲዘጋ ወናፉ ይበልጥ ይከብዳል። ማርሹ ዝቅ ባለ ቁጥር ሞተሩ ለአንድ ሜትር መንገድ ብዙ ጊዜ ይዞራል፣ ብዙ ጉልበትም ይበላል። ሙቀቱ በቸርኬ ውስጥ ሳይጠራቀም እንዲቀዘቅዝ ተብሎ በተሠራ ሞተር በኩል ይወጣል። አሮጌ ሾፌሮች ለወጣት ረዳቶች የሚያወርሱት ሕግ ከዚህ ይመነጫል፤ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ውረደው።

ሕጉ ሌላ ግማሽ አለው፤ ማርሹ የሚመረጠው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። ከባዱ መኪና አንዴ ፍጥነት ካገኘ በኋላ ማርሽ ልቀንስ ያለ ሾፌር የነበረውን ነቅሎ አዲሱ እምቢ ሊለው ይችላል። ያን ጊዜ ፎሌ ላይ ቀረ ማለት ነው፤ 40 ቶን በእጁ፣ ሞተሩ ከጎማው የተለያየ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪናው የተሸከመው ጉልበት አራት እጥፍ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለውን መጻፍ አልፈልግም።

ታዲያ ይህን እያወቀ አንዳንዱ ሆን ብሎ ፎሌ የሚወርደው ለምንድን ነው? ነዳጅ ለመቆጠብ። የተረፈው ነዳጅ ለሾፌሩ ከሆነ፣ ወይም ከተቆረጠው በላይ የፈጀው ከደመወዙ የሚቀነስ ከሆነ ፈተናው ትልቅ ነው። የሚያሳዝነው ስሌቱ ስህተት መሆኑ ነው። አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች ማርሽ ገብቶ እግር ሲነሳ ነዳጅ ፈጽሞ ያቋርጣሉ፤ ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ትንሽ ትንሽ መጠጣት አለበት። ሕይወቱን አስይዞ የቆጠበው ነገር የለም። እዚህ ላይ ባለመኪናዋም ድርሻ አላት። ሾፌር ከመምረጧ በፊት ደመወዙን በምን እንደምትሰፍር መምረጥ አለባት። በምልልስ ብዛት ብቻ ከከፈለችው፣ ረጋ ያለውን ሰው ቀጥራ ችኩል ታደርገዋለች።

የእሽቅድምድም መኪና ፍሬን ከዚህ ፈጽሞ ሌላ ፍጥረት ነው። ከካርቦን የተሠራ ሲሆን በደንብ የሚይዘው ሲግል ነው፤ እስከ 1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ቀዝቃዛ ሲሆን ነው የሚያስፈራው። ስለዚህ በዚያ ዓለም ፍሬንን የሚያግል ሾፌር ሥራውን እየሠራ ነው፤ በሐረጎ ላይ ግን ለሞት እየተቀጣጠረ ነው። «ጎበዝ ሾፌር» የሚባል ለሁሉም መንገድ የሚሆን ሰው የለም። ጎበዝነት ከመንገዱ ጋር ነው የሚለካው።

ይህን አገር ሁሉ ያየው በሌላ ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. ለ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ቀነኒሳ በቀለ፣ ሲሳይ ለማና ደሬሳ ገለታ ተመርጠው ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ሆነ። ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለው ክርክር ከአዲስ አበባ እስከ ገጠር ነበር። ሲሳይ በቦስተን አሸንፎ የመጣ፣ ሰዓቱም ከፈጣኖቹ የሚመደብ ነው። ከውድድሩ በፊት ግን ተጎዳና ቦታው ለታምራት ተለቀቀ። የፓሪሱ መንገድ ወደ ቬርሳይ የሚወጣ የሚወርድ፣ በኦሎምፒክ ታሪክ ከባድ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ታምራት ደግሞ በቀደመው ዓመት ድልድይና ዳገት ባለው በኒውዮርክ የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ ያሸነፈ ሰው ነው። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን ወሰደ። መራጮቹ አጠፉ ማለቴ አይደለም፤ የተመረጡት ሦስቱም የሚገባቸው ነበሩ። በሜዳማ ከተማ የተገኘ ፈጣን ሰዓት ግን ስለ ዳገትና ቁልቁለት የሚናገረው ጥቂት ነው።

መርሴዲስ የመረጠው ማንን ነበር? አንድሬያ ኪሚ አንቶኔሊ የሚባል ጣሊያናዊ ልጅ።  በነሐሴ መጨረሻ 2016 ዓ.ም.፣ 18 ዓመት በሞላው ሳምንት፣ ሞንዛ ላይ፣ በአገሩ ሕዝብ ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ ልምምድ ወጣ። አሥር ደቂቃ ገደማ ሲነዳ መኪናውን ከግድግዳ አጋጨው፤ ያውም የራስልን መኪና፣ ራስል እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በዚያ ቡድን ነበርና። በማግስቱ ቡድኑ የሃሚልተንን ቦታ እንደሰጠው አስታወቀ።

ሻይ ቤት ቢሆን ኖሮ የትናንቱ ግጭት ጉዳዩን ይዘጋው ነበር። የቡድኑ አለቃ ቶቶ ቮልፍና ባልደረቦቹ ግን ልጁን ከልጅነቱ ጀምሮ አሳድገውታል። በየማዕዘኑ ምን ያህል እንደረገጠ፣ መሪውን መቼ እንዳዞረ የሚመዘግብ መሣሪያ ስላላቸው ከግጭቱ በፊት የነበሩትን ደቂቃዎች አይተዋል። ችሎታ ጎድሎት የተጋጨና ልኩን ገና ያላወቀ ሰው በመዝገብ ላይ ይለያያሉ። ሁለተኛው ይማራል። በቀጣዩ ዓመት ካናዳ ላይ ሦስተኛ ወጥቶ ከመድረኩ ቆመ። የዚህ ተቃራኒም አለ፤ ሬድ ቡል የሚባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ሊያም ሎውሰንን ከሁለት ውድድር በኋላ ብቻ ከመኪናው አወረደው። ተተኪው ዩኪ ሱኖዳም በዚያው መኪና ተቸገረ። ሁለት ሰው በተከታታይ በአንድ መኪና ሲቸገር ወደ መኪናውም መመልከት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ባለመኪናዋ የሚመዘግብ መሣሪያ የላትም። መኪናውና መንገዱ ግን አሏት፤ ዝም ያለው መካኒክም አላት። እኔ ብጠየቅ የምመክራት ይህን ነው። ደሴ ላይ እህል ይጫን፤ ለሁለቱም እኩል። አንዱ ጠዋት ሽማግሌው፣ በሌላው ጠዋት ወጣቱ፣ በዚያው መኪና ሐረጎን ይውረዱ። እሷ ጋቢና ትቀመጥ። ሰዓት አትያዝ። ኮምቦልቻ ሲደርሱና መኪናው ሲቆም መካኒኩ መዳፉን ከታምቡሩ አንድ ስንዝር አርቆ በየጎማው ይዙር። ብረቱን አይንካ፤ የጋለ ታምቡር ቆዳ ይልጣል።

መዳፉ የሚነግረው ብዙ ነው። በሁለቱም ጠዋት የተሳቢው አንዱ ጎማ ብቻ ከሌሎቹ ለይቶ ቢግል ጥፋቱ የሾፌሮቹ አይደለም፤ የዚያ ጎማ ፍሬን አላግባብ ተወጥሯል፣ ይስተካከል። ሁሉም ጎማ ባንዱ ጠዋት ግሎ በሌላው ጠዋት መጠነኛ ከሆነ ግን ሰውየው ነው። እንበል ሽማግሌው ሲወርድ ሁሉም መጠነኛ ሆነ፤ ወጣቱ ሲወርድ ሙቀቱ ከስንዝር ርቀት እጅ አላስጠጋ አለ፤ የተቃጠለ የሸራ ሽታም መጣ። ወጣቱ በድርጅቱ አዲስ መኪና ተለማምዷል፤ ያ መኪና ብዙውን ራሱ ይይዝለት ነበር።

ይህ ለሽማግሌው ለመፍረድ ይበቃል የሚል ይኖራል። እኔ አንድ ጠዋት እጨምራለሁ። ሽማግሌው፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ ከወጣቱ ጎን ይቀመጥ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ «ልጄ፣ እዚህ ጋ ነው ማርሹ የሚወርደው። በኋላ አይገባልህም» ይበለው። ወጣቱ «እሺ ጋሼ» ብሎ የሚሰማ ከሆነ፣ በሦስተኛው ጠዋት ታምቡሩ አይዋሽም። የሚያኮርፍ ከሆነም እንደዚያው። አንዱ ዛሬ የሚያምኑት ነው፤ ሌላው ሃያ ዓመት የሚሠራ። ምርጫው ያን ጊዜም የእሷ ነው፤ ግን ከአሁን በኋላ የምትመርጠው በወሬ አይሆንም።

በሦስተኛው ጠዋት መኪናው ኮምቦልቻ ይገባል። ፀሐዩ ከፍ ብሏል፤ ጋቢዋን አውልቃለች። መካኒኩ ሊጎነበስ ሲል «ቆይ፣ እኔ ልየው» ትለዋለች። ከኋላኛው ጎማ አጠገብ ተንበርክካ መዳፏን ዘርግታ ትቆያለች። ብረቱ ሞቋል። እጇን ግን አላሸሸችም።